በሁዳዴ የነፋኋት ዋሽንት

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ካቻምና በሁዳዴ ጾም፣ በወርኃ መጋቢት ነው። እኔ ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ። የሱቄን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ በየጠዋቱ ስፈልግ ነው የምገኘው። የዚያች ከሰዓት በኋላ ነገር ግን አንዱም አልጠፋኝም። ጉም በወረደ ቁጥር እንደ አዲስ ትመጣብኛለች። መሐል ሜዳ ደግሞ ጉም የማያጣው አገር ነው፤ እንግዲህ ኑሮዬን አስቡት።

ስሜ አስካለ ይባላል። መሐል ሜዳ ገበያው ዳር ባናና በርኖስ እሸጣለሁ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራው የእኛ አገር ብርድ ልብስ ነው። አርባን አልፌያለሁ። ባል ነበረኝ፣ ተለያየን፤ እሱ ደብረ ብርሃን ሄደ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ጆሯቸው ስህተት አያሳልፍም። በር ሲንጫረር እንኳ ቅር ይላቸዋል።

እኔ ደግሞ የዋሽንት ፍቅር ይዞኛል። ይዞኛል የምለው እንደ ጉንፋን ሳላስበው ስለያዘኝ ነው። አንድ የገበያ ቀን ከመርሐቤቴ የመጣ ሰው ዝናብ ሲያባርረው ሱቄ ገብቶ ተጠለለ። ዋሽንቶች እንደ ችቦ አስሮ ተሸክሞ ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ አንዷን ሲነፋልኝ ሥራ ፈትቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለመሳቂያ ብዬ እኔም ልሞክራት አልኩ። እፍ ብል ወሬ የለም፤ ንፋስ ብቻ። ሰውየው ሳቀብኝ። እልህ ያዘኝና ዋሽንቷን አስቀረኋት።

ስንት ሳምንት እፍ እፍ ስል እንደከረምኩ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። ራሴ እስኪዞር ነፍቼ ዱቄት ከረጢት ላይ የተቀመጥኩበት ቀን አለ። አንድ ቀን ግን ሽሮ ጥጄ፣ እንዲያው እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ሳነሣት ድምጿ ወጣ። ጥርት ብሎ ወጣ። ሽሮው አረረ፣ ከድስቱም እስከዛሬ አልለቀቀም። እኔ ግን የደስታዬን ነገር አልነግራችሁም። ብቻዬን ማድቤት ውስጥ ጨፍሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያየኋትን ሁሉ መልቀም ጀመርኩ። ከጀማ ሸለቆ ሸምበቆ የተሠራች፣ ድምጿ የጎረነነ፣ ከዓለም ከተማ የመጣች አለችኝ። ከተሰበረ የቴሌቪዥን አንቴና የተሠራች አለችኝ፤ እሷ በብርድ ቀን ከንፈር ላይ ትጣበቃለች። ጎረቤቴ የሆነው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ ከሚያስተላልፉበት ፕላስቲክ የሠራልኝም አለች። አትሰነጠቅም፣ ግን ድምጿ የቆርቆሮ ነው። አንዷ ለትዝታ ትሆናለች፣ ሌላዋ ለባቲ፤ አንዷ የሌላዋን ሥራ አትሠራም። ስለዚህ በአንድ ዋሽንት መቅረት አይቻልም። ቢያንስ ለአባቴ የማቀርበው ምክንያት ይህ ነበር።

አባቴ ምክንያቱን አልተቀበሉም። «ቤቱን የከብት ማሰማሪያ አደረግሽው» ይላሉ። ሴት ልጅ ዋሽንት ስትነፋ የትም አላዩም። ከዚያም በላይ ግን የሚያንገበግባቸው ስህተቴ ነበር። መደባቸው ላይ ተጋድመው የተኙ መስለው «ወረድሽ!» ይሉኛል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እሱን ዘለልሽው፣ ተመለሺ!» ይላሉ። አልሰማም ብለው እየማሉ አንዲት ስህተት አያልፏቸውም ነበር።

እንግዲህ በዚያ ሁዳዴ የአባቴ ታናሽ እህት እታታ ጥሩነሽ አረፈች። መንደሯ ከጓሳው ማዶ ነው። ጓሳ ማለት መንዞች ለቤት ክዳን የሚያጭዱት ረጅም ሣር የበቀለበት ሰፊ ደጋ ነው። ሰው የሚሰፍረው ዳር ዳሩን ነው። መካከሉ ሣርና ነፋስ ነው፣ በአንድ ወገን ደግሞ ወደ ቆላ የሚወርድ ገደል አለ። እኔና አባቴ መርዶ እንደሰማን በጭነት መኪና ተሳፍረን ደረስን። እታታ ልጅ ሳለሁ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ለቅሶ ላይ እንዴት እንደጮኽኩ ድምፄ ምስክር ነው፤ ጭራሽ ተዘግቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀረኝ።

ለቅሶው በረድ ሲል አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ወደ ጓሮ ጠሩኝና ከኩታቸው ሥር አንዲት ዋሽንት አወጡ። ከክንዴ ያነሰች ትንሽዬ ሸምበቆ ናት።

«ይችን ያዘዘችኝ አክስትሽ ናት» አሉኝ። «የወንድሜ ልጅ ዋሽንት ትለቅማለች፣ ከእኛም አገር አንዲት ትኑራት አለችኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ሳላደርስላት ቀረሁ።»

ተቀብዬ ሳምኳት። መንፋት ግን አይታሰብም። በእኛ ዘንድ በሁዳዴ ዋሽንት አይነፋም፣ ክራር አይመታም፣ ዘፈን የለም። እኔ ራሴ ከቅበላ ጀምሬ የዋሽንቶቼን ሳጥን ቆልፌ ነው ፋሲካን የምጠብቀው። በዚያ ላይ ሐዘንተኞች ነን። በጨርቅ ጠቀለልኳትና አባቴ እንዳያዩብኝ ከነጠላዬ ሥር በመቀነቴ አሠርኳት።

የምንመለስበት ቀን መኪና ጠፋ። የበልጉ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት አንድም የሚደፍር ሾፌር አልተገኘም። አባቴ በጓሳው አቋርጠን በእግር እንሄዳለን አሉ። የአክስቴ ልጆች እንሸኛችሁ ቢሉ «ሐዘንተኛ ቤቱን ትቶ አይሸኝም» ብለው መለሷቸው። መንገዱን ሳልወለድ ጀምሮ የሚያውቁት ነው። እግራቸውም ከእኔ ይሻላል፤ ለወጉ ያህል ነው በትር የሚይዙት። እኔም አልተከራከርኩም፤ ከአባቴ ጋር ስለ መንገድ መከራከር ምን ሲደረግ።

እኩለ ቀን አለፍ ሲል ጉሙ ከቆላው ተነሣ። መጀመሪያ በገደሉ አፍ ላይ ተከመረ፣ ከዚያ እየተንፏቀቀ መጣና ሣሩን ዋጠው። ወዲያው ከፊት ከፊቴ ከሚሄዱት አባቴ የሚታየኝ ጥቁር በርኖሳቸው ብቻ ሆነ። ካፊያው ከላይ አይመጣም፤ ከጎን ነው፣ ከታች ነው፣ ከየት እንደሆነ አይታወቅም። ልብሴ ሰውነቴ ላይ ተጣበቀ።

ጓሳ መሬቱ በፍልፈል የተቦረቦረ ነው። ከላይ ሣር ለብሶ ደኅና መሬት ይመስላል፣ ከሥር ባዶ ነው። አባቴ አንዱን ረገጡ። እግራቸው እስከ ጉልበት ሰጠመ፣ ሰውነታቸው ግን ወደፊት እየሄደ ነበር። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚለው ነው ያለው። አባቴ አልጮኹም። «እመቤቴ» ብቻ አሉና ተቀመጡ።

ጎትቼ አወጣኋቸው። ቅልጥማቸው ከታች ተጣሞ ነበር። ላነሣቸው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ልሸከማቸው ሞከርኩ፣ አብረን ወደቅን። በሁለተኛው ሲወድቁ ከአፋቸው የወጣውን ድምፅ ሰምቼ ሦስተኛ አልሞከርኩም። ስልኬን አወጣሁ። ለቅሶ ቤት መብራት አልነበረም፣ ባትሪው አልቆ ጥቁር ብሏል።

«ሂጂና ሰው ጥሪ» አሉኝ።

ጥቂት እንደተራመድኩ ዞር ብል አባቴ የሉም። ጉሙ ውጧቸዋል። የመጣሁበት የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። በአራት እግሬ ሣሩን እየዳበስኩ ስዞር ቆየሁና ሳላቸውን ሰማሁ። ልደርስባቸው የቻልኩት በሳላቸው ነው። እግራቸው ሥር ስደርስ ገብቶኛል፤ ትቻቸው ከሄድኩ ሰው ባገኝ እንኳ መልሼ አላገኛቸውም። ከዚህ ቦታ አልንቀሳቀስም ብዬ ወሰንኩ። ያለኝ ምርጫ መጣራት ነበር። ለመጣራት ደግሞ ድምፅ የለኝም። «የሰው ያለህ!» ስል የሚወጣው የተቀደደ ቆርቆሮ በነፋስ ሲመታ ያለውን ነው። አባቴም ሞከሩ፤ ሳል አቋረጣቸው።

አባቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ውሃም አልጠጡም። ሐዘንና ጾም ተደራርቦባቸዋል። አገልግሌ ውስጥ በሶ ነበር፤ በጥብጬ ልስጥዎት ስላቸው ከዚያ ሁሉ መከራ መሐል የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ቅዳሴ ወጥቷል?»

ሰዓቱን በምን አውቄ፤ ፀሐይ እንኳ የት እንዳለች አይታወቅም። «ወጥቷል አባባ» አልኳቸው። ሁለት ጉንጭ ቀመሱና በቃኝ አሉ። ጥርሳቸው ከኩባያው ጋር ይጋጭ ነበር።

ተንቀጠቀጡ። ነጠላዬን ደረብኩላቸው፣ እሷም እርጥብ ናት። ባና እየሸጥኩ የምኖር ሴት፣ ሱቄ ሙሉ ብርድ ልብስ ያለኝ ሴት፣ ለአባቴ የማለብሰው ደረቅ ነገር አጣሁ። ይህን ሳስብ ራሴን በጥፊ መምታት አማረኝ። አቅፌያቸው ተቀመጥኩ። ቆይተው መንቀጥቀጣቸውን ተዉ። ሞቃቸው መስሎኝ ተደሰትኩ። ፊታቸውን ስዳብስ ግን ድንጋይ ነው። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ «ጥሩዬ፣ በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ገባ» አሉ።

ጥሩነሽን ቀብረን ነው የመጣነው። «አባባ፣ አስካለ ነኝ!» እያልኩ ወዘወዝኳቸው። አዩኝ፣ ግን አላወቁኝም። አባቴ በእጄ ላይ ሊሞቱ ነው አልኩ። አፍ አውጥቼ ነው ያልኩት፤ የሚሰማኝ እንደሁ የለም።

እጥፍ አድርጌ ባቀፍኳቸው ጊዜ ጎኔን የወጋኝ ነገር አለ። ዋሽንቷ ናት። ጨርሶ ረስቻት ነበር። ፈትቼ አወጣኋት። ሸምበቆ ከመነፋቱ በፊት ውሃ ይጠጣል፤ እሷ ግን በካፊያው ርሳ ቆይታኛለች። ጣቶቼ ደንዝዘው ቀዳዳዎቹ አልሰማ አሉኝ። በጥርሴ እየነከስኩ አነቃኋቸውና ነፋሁ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ድምጿ ደስ አለኝ። ቀጭን ነው፣ ሹል ነው፣ ጉሙን ሰንጥቆ ይሄዳል። ከለቀምኳቸው ሁሉ እንዲህ ያለች የለችኝም። ትዝታን ያዝኩ፤ ሌላ አልመጣልኝም። አባቴ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«በሁዳዴ?» አሉ።

«ይኮንኑኝ!» አልኳቸውና ቀጠልኩ።

ብዙም አልቆየሁ፣ ውሻ ጮኸ። ነፍሴ መለስ አለች። ቀጥሎ የሰው ድምፅ መጣ፤ ወንዶችም ሴቶችም ናቸው፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቅርብ ናቸው፣ የእግራቸው ኮቴ ጭቃው ላይ ይሰማኛል። ይበልጥ ነፋሁ። ኮቴው ቆመ።

«ሰማችሁ?» አለ አንድ ወንድ።

«ዋሽንት ነው።»

«በስመ አብ ወወልድ! በሁዳዴ ዋሽንት? ያውም ከጓሳ ውስጥ?»

«እሱ ነው! አትመልሱለት፣ ዞር ብላችሁም እንዳታዩ!»

ዋሽንቷን ከአፌ ነቅዬ «ኧረ ሰው ነኝ! ኧረ በማርያም!» አልኩ። ማለቱንስ አልኩ፤ የወጣው ግን የቁራ ድምፅ ነው። አንዲት ሴት እሪ አለች። ከዚያ የሰማሁት ሩጫ ብቻ ነው። ጭቃው እየተንቦጫረቀ ራቀ፣ ውሻውም እያላዘነ ተከተላቸው።

እስከዛሬ ከጉሙም፣ ከስብራቱም በላይ በሕልሜ የሚመጣብኝ ያ ሩጫ ነው። ሰው ባይመጣ ኖሮ ሰው የለም ብዬ እጽናና ነበር። ሰው መጥቶ፣ እጄን ብዘረጋ እሚደርስ መስሎ፣ ከእኔ ሸሸ። ሣሩን እየነጨሁ አለቀስኩ። የሮጡትን ረገምኳቸው። ዋሽንቷንም ልወረውራት እጄን አንሥቼ ነበር።

አባቴ ነቅተው ኖሯል። «ምን ያድርጉ» አሉ። «እኔም ብሆን እሮጥ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ትዝታን ሰይጣን ይነፋዋል ካሉ፣ ሰይጣን የማይነፋውን ልንፋዋ። በሁዳዴ በየቅዳሴው እየሰገድን የምንለው እግዚኦታ አለ፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለው። እሱን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ግን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ዋሽንት ውስጥ አይገባም። ይህን የነገሩኝ ደግሞ አባቴ ራሳቸው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ለጨዋታ ብጀምረው የተቆጡኝን ቁጣ አልረሳውም። ስለዚህ ጠየቅኳቸው። አፌን ጆሯቸው ላይ አድርጌ «እግዚኦታውን ልንፋው አባባ?» አልኳቸው።

አንቀላፉ ብዬ ስደነግጥ «ያለንበትን እሱ ያየዋል፣ ንፊ» አሉኝ።

ጀመርኩ። እሳቸውም በደከመ ድምፅ ከሥር ከሥሬ ያዙልኝ። ዋሽንቷ ያሏት አራት ቀዳዳዎች ናቸው፣ ዜማው ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጣቶቼ የእኔ አይደሉም። ዝቅ ማለት ሲገባኝ ከፍ እላለሁ፣ መካከል ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ አቆማለሁ፣ ይጠፋኛል፣ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። የአባቴ ድምፅ እየሳሳ ሄደና ቆመ። ክፉኛ ተሳሳትኩ። «ወረድሽ» የሚለኝ የለም። ደግሜ ተሳሳትኩ። አባቴ ዝም አሉ። ስህተት ሰምተው ዝም ሲሉ በዕድሜዬ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ፍርሃት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ልያቸውም ፈራሁ፤ ማየት ማለት ማወቅ ስለሆነብኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነፋሁ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደነፋሁ አላውቅም። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ደም ደም ይለኝ ነበር። ሙሽራ ሆኜ፣ እናቴን ቀብሬ፣ ብዙ ጸልያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ጸልዬ አላውቅም።

«በሥላሴ ስም!» የሚል የሴት ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። «ሰው ነህ ወይስ ሌላ?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩና የቁራ ድምፄ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። መልሼ እግዚኦታውን ነፋሁ። ሴትዮዋ እንደገና ጠየቀች፣ እንደገና ነፋሁላት። ኮቴዋ ቀረበ። መጀመሪያ ዱላዋ ታየኝ፣ ቀጥሎ እሷ። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ፣ ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። በአንድ እጇ ዱላ፣ በሌላው የፕላስቲክ ኮዳ ይዛለች። ቃል ሳትናገር በኮዳው ውስጥ ያለውን ጸበል ፊታችን ላይ ረጨችው። ከዚያ ሁሉ ብርድ በላይ ያ ጸበል አንዘፈዘፈኝ።

«አማትቡ!» አለች።

አማተብኩ። አሁንም ዱላዋን አላወረደችም፤ አባቴን ታያለች። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ቀኝ እጃቸውን አነሣሁት። እንጨት ነው የሚመስለው። ግንባራቸው ላይ፣ ደረታቸው ላይ፣ ግራ ትከሻቸው፣ ቀኝ ትከሻቸው ላይ አድርጌ አማተብኩላቸው። ሴትዮዋ ይህን ስታይ ዱላዋን ጣለች።

«ወይኔ! ሰው ነው! ዓለሙ፣ ና! ሰው ነው፣ ሰው እየሞተ ነው!» ብላ ጮኸች። ያ ጩኸት የእኔ ቢሆን ኖሮ መሐል ሜዳም ይሰማ ነበር። በርኖሷን አውልቃ አባቴን ጠቀለለቻቸው፣ ጉንጯን አፍንጫቸው ላይ አስጠጋች። «ትንፋሽ አላቸው» አለችኝ። እዚያው ጭቃው ላይ ተዘረርኩ።

ባሏ ዓለሙ ከጎረቤቶቹ ጋር ቃሬዛ ይዞ መጣ። ተሸክመው ሲወስዱን ቤቱ ከምን ያህል ቅርብ እንደነበር ባይ ማመን አቃተኝ። ከተቀመጥንበት ጉብታ ሥር ነው። ጉሙ ባይኖር ጭሱን አየው ነበር። እሳት አነደዱ፣ እርጥቡን አውልቀው ደረቅ አለበሷቸው፣ እኔና ሴትዮዋ ግራና ቀኝ ሆነን በሰውነታችን አሞቅናቸው። የሞቀ አጥሚት በማንኪያ በማንኪያ ሰጠናቸው። መንቀጥቀጡ ተመልሶ ሲመጣባቸው ሴትዮዋ እልል አለች፤ እኔም ያን ጊዜ ነው መንቀጥቀጥ የሕይወት ምልክት መሆኑን የተረዳሁት።

ነፍስ ስንገዛ ስሟን ጠየቅኳት። ባዩሽ ትባላለች። ከእነዚያ ከሮጡት አንዷ ነበረች። እሪ ያለችውም እሷ ናት፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

«እግዚኦታው ሲመጣ ዓለሙ ሊያታልለን ነው ብሎ በሩን ደግፎ ቆመ» አለችኝ። «እኔ ግን ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። ሰይጣን ከመውደቁ በፊት የመላእክት አለቃ ነበር ይሉናል። ዜማ ያውቃል። ሊያታልለኝ ቢመጣ አሳምሮ ነው የሚያዜመው። ይሄኛው ይስታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ የሚሳሳት ሰው ነው፣ ያውም የጨነቀው ሰው ነው አልኩ።»

«ጸበሉን ታዲያ ለምን ያዝሽው?» አልኳት።

«ተሳስቼስ እንደሁ?» አለችኝ።

በነጋታው ጉሙ ሲገለጥ አባቴን በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አደረሷቸው፣ ከዚያም ሐኪም ቤት ገቡ። እግራቸው ተጠግኗል፤ በትራቸው ግን ከዚያ ወዲህ ለወግ አይደለችም። የባሰው ደረታቸው ነው። ያ ብርድ ውስጣቸው ገብቶ ቀረ። ዜማ ሲጀምሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ግማሽ ላይ ያቆማሉ። ያን ያህል ዘመን ያዜመ ሰው በራሱ ደረት ሲሸነፍ ማየት ያማል። አንድ ቀን እንዲህ ጀምረው ሲያቆሙ አየሁና ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

የሮጡትን ሰዎች አልተቀየምኳቸውም ብል ውሸት ነው። ተቀይሜያቸዋለሁ። በእነሱ ቦታ ብሆን ከሁሉ ቀድሜ እንደምሮጥም አውቃለሁ። ዓለሙ ገበያ ሲመጣ ሱቄ ጎራ ይላል፤ ቀና ብሎ አያየኝም፣ እኔም አላስቸግረውም። ባዩሽ ግን እህቴ ሆናለች። ዋሽንቱንም አልተውኩም። ከፋሲካ በኋላ ሳጥኑን ከፍቼ ትንሿን ከሌሎቹ ጋር አኖርኳት። እነፋታለሁ፣ ድምጿም እንደ በፊቱ ደስ ይለኛል። ጉም የወረደ ቀን ግን አልነካትም።

አንድ ነገር ብቻ አልተወኝም። አባቴ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላሉ። እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ባና እየዘረጋሁ፣ ከሰው ጋር እየተነጋገርኩ፣ ጆሮዬ ከሱቁ ጀርባ ጓዳው ውስጥ ነው። ትንሽ ዝም ካሉ እጄ ሥራ ይፈታል። ደንበኛዬን «አንድ ጊዜ» ብዬ ትቼ ገብቼ አጠገባቸው እቆማለሁ። እንዳላነቃቸው ጫማዬን አውልቄ ነው የምገባው፤ አጎንብሼ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያውቁኛል።

«አለሁ ገና» ይሉኛል። «ሂጂ፣ ሰውየውን አስተናግጂ።»

እሺ እላለሁ። አንዲት ትንፋሽ ጨምሬ ሳልሰማ ግን እግሬ አይነሣም።